ያልተነገረው ቃል፤ በስልክ መድን ስለ መሸጥና ስለ ኅሊና



ሰው የዕለት እንጀራውን የሚያገኝባቸው መንገዶች በየዘመኑ ይለዋወጣሉ። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ ነጋዴውና ዳኛው በየሥራቸው ስለሚገጥማቸው የኅሊና ጥያቄ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ብዙ መክረዋል፤ ብዙም ጽፈዋል። በዘመናችን ግን ቀኑን ሙሉ የጆሮ ማዳመጫ አጥልቆ፣ ፊቱን ከማያየውና ዳግመኛም ከማያገኘው ሰው ጋር እየተነጋገረ የሚተዳደር ሠራተኛ ተነሥቷል። የሚሸጠው ነገር በእጅ አይዳሰስም፤ በሚዛን አይመዘንም። ነገ ሊመጣ ከሚችል መከራ የሚጠብቅ የመድን ውል ነውና ገዢው የሚገዛው ተስፋን ነው፤ የሻጩም መሣሪያ አንደበቱ ብቻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው የእነዚህን ሠራተኞች ጉዳይ ነው። አንባቢው «ይህ የባሕር ማዶ ነገር ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ከየቤታችን ወደ አሜሪካ ከተሻገሩት ልጆቻችን መካከል በዚህ ሥራ የተሰማሩ አሉ፤ ከሚያገኙትም ደመወዝ ለወላጅ መጦሪያ፣ ለታናናሾቻቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ይልካሉ። ከዚህም ሌላ ጥያቄው በመሠረቱ ስለ ንግግርና ስለ ዝምታ በመሆኑ፣ መርካቶ በሱቁ የተቀመጠውን ነጋዴም፣ በመሥሪያ ቤት መስኮት ባለጉዳይ የሚያስተናግደውንም ሠራተኛ፣ ቃልን ለሰው ማድረስ ሥራችን የሆነውን እኛንም ይመለከታል።

የአንዲት እኅት ጥያቄ

እ.አ.አ. በ2021 መጨረሻ ለአገልግሎት በተላክንበት በዋሽንግተን ከተማ አካባቢ አንዲት እኅት ከቅዳሴ በኋላ ልታነጋግረን ፈለገች። የነገረችን በኑዛዜ አልነበረም፤ ስሟና የሠራችበት ድርጅት ሳይጠቀስ ለሌሎች ትምህርት እንዲሆን ብንጽፈውም ፈቅዳልናለች።

ይህች እኅት የሁለት ልጆች እናት ናት። ሥራዋ ለአረጋውያን የጤና መድን በስልክ መሸጥ ነበር። በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ድርጅቱ ሠራተኞቹ በየቤታቸው ሆነው እንዲሠሩ ስላደረገ፣ መኝታ ክፍሏን ቢሮ አድርጋ፣ የልጆቿ ድምፅ እንዳይሰማ በሩን ዘግታ ትሠራ ነበር። አንድ ቀን አንዲት አሜሪካዊት ባልቴት ደወሉ። ስለ ጥርስ ሕክምና የሚናገር ማስታወቂያ በቴሌቪዥን አይተው ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ለብዙ ዓመታት ሳያቋርጡ የከፈሉበት ተጨማሪ የጤና መድን ቢኖራቸውም ወርኃዊ ክፍያው እየከበዳቸው ሄዷል።

እኅታችን የተጻፈላትን ሁሉ በቅደም ተከተል አነበበች። ሐኪማቸው በአዲሱ ውል ውስጥ መኖሩን አጣራች፤ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች መዘገበች፤ የጠየቋትንም ሁሉ ሳትዋሽ መለሰች። ሴትዮዋ ተስማሙ፤ ውሉም ተፈጸመ። ሳትነግራቸው የቀረችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ይኸውም የያዙትን ተጨማሪ መድን ትተው ከወጡ በኋላ፣ ከዓመታት በኋላ ታመው ልመለስ ቢሉ፣ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች የመድን ኩባንያው የጤንነታቸውን ሁኔታ ጠይቆ አልቀበልም ሊላቸው ወይም ዋጋ ሊጨምርባቸው እንደሚችል ነው። ሴትዮዋ አልጠየቁም፤ ለእኅታችን የተሰጣት ጽሑፍም ይህን እንድትናገር አላዘዛትም።

ስልኩ ሊዘጋ ሲል ባልቴቷ «እግዚአብሔር ይባርክሽ፤ እንዳንቺ በትዕግሥት ያነጋገረኝ ሰው የለም» አሏት።

«አባ፣ አልዋሸሁም» አለችን። «ያልኋቸው ሁሉ እውነት ነው፤ ቢፈልጉ ቅጂው አለ። ታዲያ ሲመርቁኝ ለምን ደነገጥሁ?»

ለዚህ ጥያቄ በዚያን ዕለት የሰጠናት መልስ አጭርና ያልበሰለ ነበር። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈውም በመጠኑ ያንን ዕዳ ለመክፈል ነው።

ሥራው ምን ይመስላል?

ጥያቄውን በትክክል ለመመዘን አስቀድሞ ሥራውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሜዲኬር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን እ.አ.አ. በ1965 በሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ 65 ዓመት ለሞላቸውና ለአንዳንድ የአካል ጉዳተኞች የሕክምና ወጪ ይከፍላል። ሆኖም ሁሉን አይከፍልም። ለአብነት ያህል፣ ለሐኪም አገልግሎት ከዓመታዊው የመነሻ ክፍያ በኋላ 20 በመቶ የሚሆነው ወጪ ባብዛኛው በታካሚው ላይ ይቀራል። ይህን ጉድለት ለመሙላት አረጋውያኑ ሁለት መንገድ አላቸው። አንደኛው ሜዲጋፕ የተባለውን ተጨማሪ መድን በየወሩ እየከፈሉ መያዝ ነው። ሁለተኛው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ወደሚባለው፣ የግል ኩባንያዎች ወደሚያስተዳድሩት ውል መግባት ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ወርኃዊ ክፍያው አነስተኛ ነው፤ የጥርስና የመነጽር ጥቅምም ይጨምራል፤ በአንጻሩ ታካሚው የሚታከመው በአመዛኙ ከኩባንያው ጋር ውል ባላቸው ሐኪሞች ዘንድ ነው። እ.አ.አ. ከ2023 ጀምሮ ለዚህ ብቁ ከሆኑት አረጋውያን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይህን ሁለተኛውን መንገድ ይዘዋል። ስለዚህ ሁለተኛው መንገድ በራሱ ማታለያ ነው ማለታችን አይደለም፤ ለብዙዎች የሚጠቅም ነው።

እ.አ.አ. በ2008 የወጣ ሕግ ሻጮች ሳይጠሩ ወደ አረጋውያኑ እንዳይደውሉና በራቸውን እንዳያንኳኩ ከለከለ። ከዚህም የተነሣ ኩባንያዎች ሰዎቹ ራሳቸው እንዲደውሉ በቴሌቪዥንና በፖስታ ማስታወቂያ ይጋብዛሉ። ታላቁ የሽያጭ ወቅት በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7፣ በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጨረሻ ገደማ ነው። ሻጩ ፈተና ወስዶ የመንግሥት ፈቃድ ያወጣል። በወቅቱ ውስጥ አንዱ ጥሪ ሲያበቃ ኮምፒዩተሩ ሌላውን ያቀብለዋል። ለእያንዳንዱ ጥሪ የፈጀው ደቂቃ፣ በሁለት ጥሪዎች መካከል ያረፈበት ጊዜ፣ ከወንበሩ የተነሣበትም ጊዜ ይመዘገባል። የሚናገረው በጽሑፍ ይሰጠዋል። «ልጄን ላማክር» ለሚል ምን እንደሚመለስ፣ «ላስብበት» ለሚል ምን እንደሚባል አስቀድሞ ተዘጋጅቷል። ከመደበኛው ደመወዝ በላይ የሚገኘው ቦነስ በሽያጩ ቁጥር ይወሰናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሠራተኛው ቀኑን ሙሉ ደስተኛ መሆን አለበት። ፈገግታ በድምፅ ውስጥ ይሰማል ተብሎ ይማራልና፣ ተሰድቦ ስልክ ከተዘጋበት ከአምስት ሰከንድ በኋላ ለሚቀጥለው ሰው ፈገግ ማለት ይጠበቅበታል። አርሊ ሆክሺልድ የተባሉት አሜሪካዊት የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ እ.አ.አ. በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ የአየር መንገድ አስተናጋጆችንና የዕዳ ሰብሳቢዎችን ሥራ መርምረው፣ በዚህ ዓይነት ሥራ ውስጥ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ስሜትም ለደመወዝ እንደሚቀርብ፣ ሰውየውም ቀስ በቀስ ከገዛ ስሜቱ ጋር እንግዳ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። እኅታችንም «ማታ ልጆቼን ሳነጋግር የሥራዬ ድምፅ ይወጣኛል» ብላናለች።

ድምፅና ቃል

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «የተነገረው ቃል የማን ነው?» የሚል ነው። ሠራተኛው «ድምፁ የእኔ ነው፤ ቃሉ ግን የኩባንያው ነው» ሊል ይችላል። ቅዱስ አውግስጢኖስ ስለ መጥምቁ ዮሐንስ ሲሰብክ ድምፅንና ቃልን ለይቶ አስተምሯል። ድምፅ ወጥቶ ይጠፋል፤ ቃል ግን በሰሚው ልብ ገብቶ ይቀመጣል። ታዲያ ድምፁን ብቻ ያከራየ ሰው ስለ ቃሉ ይጠየቃልን?

ተዋናይ በመድረክ ላይ የሌላውን ቃል ቢናገር ማንም አይወቅሰውም፤ ምክንያቱም ተመልካቹ ትያትር መሆኑን አውቆ ገብቷል። ባልቴቷ ግን የሚሰሙት ንግግር በሌላ ሰው ተጽፎ፣ ተፈትኖና ተመዝኖ የተሰጠ መሆኑን አላወቁም። ያመኑት ኩባንያውን አይደለም፤ ኩባንያውንማ ከየት ያውቁታል? ያመኑት በትዕግሥት ያነጋገረቻቸውን ሴት ነው።

ዛሬ ጽሑፍ የሚያነብ መኪና መሥራት ቀላል ሆኗል። እ.አ.አ. በ2024 የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን በኮምፒዩተር የተፈጠረ የሰው ድምፅ ለሚያሰሙ የስልክ ጥሪዎች እ.አ.አ. የ1991ዱ ሕግ ገደብ እንደሚያካትታቸው መወሰኑም የዚህ ምልክት ነው። እንዲህ ከሆነ ኩባንያው ለሰው ለምን ይከፍላል? ሰው ሰውን ስለሚያምን ነው። ስለዚህ ኩባንያው የተከራየው ጉሮሮን አይደለም፤ የሠራተኛዋን ታማኝነት ነው። ታማኝነት ደግሞ ከባለቤቱ ተነጥሎ የሚከራይ ዕቃ አይደለም። አበው «ሰው በአንደበቱ፣ በሬ በቀንዱ ይያዛል» ማለታቸው፣ ከአንደበት የወጣ ነገር ከተናጋሪው ጋር ታስሮ ስለሚኖር ነው። እኅታችን በምርቃቱ የደነገጠችውም ለዚህ ይመስለናል። ምርቃቱ የመጣው ለኩባንያው ሳይሆን ለእርሷ ነበርና።

ዝምታ ውሸት ይሆናልን?

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። ሐሰት አልተነገረም፤ እውነት ግን ተትቷል። ይህ በደል ነውን?

ይህ ክርክር ጥንታዊ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታ በጻፈው ድርሳን ሦስተኛ መጽሐፍ አንድ ምሳሌ አቅርቧል። በሮድስ ደሴት ረኃብ ሆኖ እህል ተወዷል። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል፤ ሌሎች ብዙ መርከቦችም እህል ጭነው ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን አይቷል። ይህን ለሮድስ ሰዎች መንገር አለበትን? ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? የባቢሎኑ ዲዮጋንስ የተባለው ፈላስፋ «ሻጩ ሕግ ያዘዘውን ጉድለት ይናገር፤ ከዚያ ሌላ አለመናገር መደበቅ አይደለም» ይላል። ደቀ መዝሙሩ አንጢጳጥሮስ ግን «ለሰዎች ጥቅም የተፈጠርህ ሆነህ ሳለ የሚጠቅማቸውን እንዴት ትሰውራለህ?» የሚል ሐሳብ ይዞ መምህሩን ይቃወማል። ሲሴሮም ወደ አንጢጳጥሮስ ያደላል።

ከብዙ ዘመን በኋላ ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ ስለ ሽያጭ ማታለል በጻፈበት ክፍል ይህንኑ ጉዳይ በጥንቃቄ ከፋፍሎ ተመልክቶታል። የዕቃው ጉድለት ለዓይን ግልጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ ፈረሱ አንድ ዓይና ከሆነ፣ ሻጩ ዋጋውን በዚያው ልክ እስከቀነሰ ድረስ ጉድለቱን የመናገር ግዴታ የለበትም። ጉድለቱ ስውር ከሆነና ገዢውን ለጉዳት ወይም ለአደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ ግን መናገር ግዴታው ነው። እህል ጭኖ ስለመጣው ሻጭ የቀረበውን ተመሳሳይ ምሳሌ አንሥቶም፣ ወደፊት ዋጋ እንደሚወርድ አለመናገሩ ፍትሕን እንደማያፈርስ፣ ቢናገር ግን የበለጠ ምግባር እንደሚሆን ገልጧል። ከዚህ እንደምንማረው ዝምታ ሁሉ ውሸት አይደለም፤ ንጹሕም አይደለም። የሚለየው ዝም የተባለበት ነገር ነው።

የእኅታችን ጉዳይ ከየትኛው ይመደባል? የነገ ዋጋ እንደሚሰወር እህል ነው እንዳንል፣ የምትሸጠው ነገር ራሱ ነገን የሚመለከት ነው። መድን የሚገዛው ለነገ ነውና፣ የነገው በር ወደ ኋላ የሚዘጋ መሆኑ ከዕቃው ውጭ ያለ ወሬ ሳይሆን የዕቃው አካል ነው። ለዓይን ግልጥ ነው እንዳንልም፣ የውሉ መጽሐፍ ከመቶ ገጽ በላይ ሆኖ ከፊርማው በኋላ በፖስታ የሚደርስ ነው። ስለዚህ በእኛ አስተያየት ስውር ጉድለትን ይመስላል፤ ስውር ጉድለትም ይነገራል።

«እንዲህ ከሆነ ሻጩ የመቶውን ገጽ ነገር ሁሉ ይንገር ማለታችሁ ነው? ማን ይሰማዋል?» የሚል ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። አይደለም። የሁሉም ሥራ ጠባይ የተለያየ ስለሆነ ዝርዝር ሕግ ማውጣት ባንችልም፣ ለኅሊና የሚረዱ ሁለት መመዘኛዎችን ማቅረብ እንችላለን። አንደኛው «ይህን ነገር ቢያውቅ ኖሮ ሰውየው ውሳኔውን ያዘገይ ወይም ይለውጥ ነበርን?» የሚል ነው። ሁለተኛው «እኔ ዝም ያልሁት ነገሩ ትንሽ ስለሆነ ነው ወይስ ሰውየው እንዳይለውጥ ስለፈራሁ?» የሚል ነው። ለሁለቱም መልሱ ወደ ፍርሃቱ ከመራ፣ ያ ዝምታ ቃላት ባይኖሩትም ንግግር ሆኗል፤ የሚናገረውም ሐሰትን ነው።

መሰላሉን የያዘው አሽከር

ሦስተኛው ጥያቄ «ተጠያቂው ማን ነው?» የሚል ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀችው እኅታችን አይደለችም። የደቂቃውን ገደብ የወሰነችው፣ ቦነሱን በሽያጭ ቁጥር ያሰላችውም እርሷ አይደለችም። እምቢ ብትል በቦታዋ የሚተካ ሰው አይጠፋም። የቤት ኪራይ አለባት፤ አዲስ አበባ የሚጠብቋት እናት አሏት።

እ.አ.አ. በ1679 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 11ኛ ካወገዟቸው የላሉ የግብረ ገብ ትምህርቶች አንዱ ይህን ይመለከታል። ትምህርቱ፣ ጌታው በሰው ቤት መስኮት ገብቶ ክፉ እንዲያደርግ መሰላል የሚይዝለት አሽከር፣ ይህን ያደረገው ከቤት እንዳይባረር ፈርቶ ከሆነ ከባድ ኃጢአት የለበትም የሚል ነበር። ይህም ውድቅ ተደረገ። በኋላም ቅዱስ አልፎንሶ ሊጎሪ በ18ኛው መቶ ዓመት ነገሩን አብራርተው፣ ከክፉ አድራጊው ጋር በሐሳብ በሚተባበርና ሐሳቡን ሳይጋራ ሥራው ብቻ ለሌላው ክፋት መጠቀሚያ በሆነበት ሰው መካከል ልዩነት አደረጉ። የመጀመሪያው በምንም ምክንያት አይፈቀድም። ሁለተኛው ግን የምክንያቱ ክብደት፣ ለክፋቱ ያለው ቅርበት፣ በሌላው ላይ የሚደርሰውም ጉዳት እየታየ ይመዘናል።

ይህን ምሳሌ ስናቀርብ የመድን ሻጭን ከሌባ ጋር ማመሳሰላችን አይደለም። የምንለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ «ታዝዤ ነው» የሚለው ቃል ጥያቄውን አይዘጋውም። መሰላል የያዘ እጅ የያዘውን ያውቃል። ሁለተኛ፣ ፍርዱ በአንድ ሚዛን ብቻ የሚሰፈር አይደለም። ከችግር የተነሣ በመሰላሉ ግርጌ የቆመውና መሰላሉን አሠርቶ፣ ቀጥሮና ከፍሎ በላይ የተቀመጠው እኩል አይጠየቁም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.አ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ ባወጡት ዓዋዲ መልእክት፣ የሥራ ክብር የሚመነጨው ከተሠራው ነገር ዓይነት ሳይሆን ሠራተኛው ሰው ከመሆኑ እንደሆነ አስተምረዋል። ሠራተኛውን በእንጀራውና በኅሊናው መካከል አቁሞ በየስምንቱ ደቂቃ እንዲመርጥ የሚያደርግ የሥራ አደረጃጀት ግን ይህን ክብር ይነካል፤ በዚህም ተጠያቂው አስቀድሞ አደራጁ ነው።

ሕግም ድርሻ አለው። እ.አ.አ. በ2022 ሥራ ላይ የዋለ የአሜሪካ መንግሥት ደንብ፣ በሦስተኛ ወገን ድርጅቶች የሚደረጉ እንዲህ ያሉ የሽያጭ ጥሪዎች እንዲቀዱ፣ ሻጩም በአካባቢው ያሉትን ውሎች ሁሉ የማያቀርብ ከሆነ ይህንኑ በመጀመሪያው ደቂቃ እንዲናገር አዘዘ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ቅጂ የተነገረውን ይይዛል እንጂ ያልተነገረውን አይዘግብም። እዚያ ላይ ያለው መዝጋቢ ኅሊና ብቻ ነው።

መድን የሚለው ስም

በዚህ ቦታ ላይ ስሙን ራሱን እናስታውስ። «መድን» የሚለው ቃላችን በግእዝ አዳኝ ማለት ከሆነው «መድኅን» ጋር ዘመድ ነው። የሰው መድን መሆን ማለት በመከራው ቀን በእርሱ ፋንታ መቆም ማለት ነው። ይህን ሐሳብ የመድን ኩባንያ ከመምጣቱ በፊት በዕድራችን እናውቀዋለን። በአገራችን እ.ኢ.አ. በ2003 ዓ.ም. በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንም የዚሁ የመረዳዳት ልማድ ዘመድ ነው። ስለዚህ መድን መሸጥ በራሱ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። ሕክምና አጥቶ ሊሞት የሚችለውን ሰው አስረድቶ መድን እንዲገባ ማድረግ እንደ ምጽዋት የሚቆጠርበት ጊዜ አለ።

ሆኖም በዕድርና በስልክ ሽያጭ መካከል ያለው ልዩነት ይታያል። በዕድር ዳኛውም ጸሐፊውም የሰፈር ሰው ነው። ዛሬ ያሳመነኝ ሰው ነገ በሐዘኔ ድንኳን ውስጥ ይገኛል። ደንቡን አዛብቶ ቢነግረኝ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ፊቴን ያየዋል። በስልክ ሽያጭ ግን ቃሉን የሰጠው ሰው የመከራው ቀን ሲመጣ የለም፤ በዚያን ቀን ሌላ ድምፅ ያነሣዋል። ስለዚህም ፊት ለፊት መተያየት ይሠራው የነበረውን ሥራ በስልክ ኅሊና ብቻውን ሊሠራው ይገደዳል። ሸክሙም የሚከብደው ለዚህ ነው።

የነገሩ ፍጻሜ

ወደ እኅታችን እንመለስ። ነገሩን ስታጠና፣ ተጨማሪ መድናቸውን ትተው ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሜዲኬር አድቫንቴጅ የገቡ ሰዎች በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ሐሳባቸውን ቢለውጡ፣ የቀድሞው ውል አሁንም የሚሸጥ እስከሆነ ድረስ ያለ ጤና ጥያቄ ወደ እርሱ የመመለስ መብት እንዳላቸው አገኘች። አለቃዋን አስፈቅዳ በጃንዋሪ ወር ለባልቴቷ ደወለች። ሳትነግራቸው የቀረችውን ነገረቻቸው፤ የመመለሻውን ቀነ ገደብ አስጻፈቻቸው፤ በየግዛቱ ያለ ክፍያ ምክር የሚሰጠውን የመንግሥት አገልግሎትም ጠቆመቻቸው።

ባልቴቷ ምን አደረጉ? ለጥርሳቸው ቀጠሮ ይዘው ነበር። ከልጃቸው ጋር ተመካከሩና በአዲሱ ውል ቆዩ።

አንባቢው «ታዲያ ምን ተለወጠ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ውሉ ያው ነው፤ ክፍያውም ያው ነው። ሆኖም በመጀመሪያው ጊዜ የወሰነላቸው ጽሑፉን ያዘጋጀው ሰው ነበር፤ በሁለተኛው ጊዜ የወሰኑት እርሳቸው ናቸው። ለእኛ የጉዳዩ ቍልፍ ይህ ነው። በዝምታ የሚደረግ በደል ክፋቱ በሚያስከትለው ጉዳት ብቻ አይለካም። ጉዳት ባይደርስም እንኳ የሌላውን ሰው ውሳኔ ሳያውቅ ከእጁ መውሰድ ነው። እውነትን መንገርም ሰውየውን ወደምንፈልገው ማምጣት ሳይሆን፣ የሚመርጠው እርሱ እንዲሆን መፍቀድ ነው።

እኅታችን ከዚያ በኋላ ለሚደውል ሁሉ ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ትጨምር ጀመር። ጥሪዎቿ ረዘሙ፤ የተወሰኑ ሰዎችም «እንግዲያው ላስብበት» ብለው ዘጉ። ስለ ደቂቃዋ ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ቦነሷም ቀነሰ። ለእናቷ የምትልከውን ገንዘብ ለጥቂት ወራት አሳንሳለች። ወቅቱ ሲያልፍም ሌላ ሥራ ፈለገች።

ከዚህ ምን እንማራለን?

በዚህ ሥራ ላሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሥራችሁን ወዲያው ልቀቁ አንልም። ሁሉም ሊለቅ አይችልም፤ ሁሉም ሊለቅ አይገባውም። በጽሑፉ መካከል የእናንተ የሆነች አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ትኑራችሁ፤ ለእናታችሁ ብትሸጡላት ኖሮ ሳትናገሯት የማታልፉት ዓረፍተ ነገር። ይህችን መናገር ፈጽሞ የሚከለከልበት ቦታ ከሆነ፣ ከዚያ ለመውጣት ቀስ በቀስም ቢሆን መንገድ ፈልጉ።

ሠራተኛ ለሚያስተዳድሩ፣ እዚያም ሆነ እዚህ፣ የምትቆጥሩትን ነገር መርምሩ። የሽያጩን ቁጥር ብቻ እየቆጠረ «እኔ ዋሹ አላልኋቸውም» የሚል አለቃ፣ ዝምታቸውን እየገዛ መሆኑን ይወቅ።

ስልክ ለሚደወልልን ለሁላችን፣ በሌላኛው ጫፍ ያለው ሰው ነው። የማንፈልገውን አንፈልግም ማለት መብታችን ነው፤ ሳንሳደብ ማለት ግን ግዴታችን ነው። ለምንገዛውም ነገር «ያልነገርኸኝ ነገር አለ? ከዚህ ብወጣ መመለስ እችላለሁን?» ብለን እንጠይቅ። ጥሩ ጥያቄ ለሻጩም ቢሆን እውነትን ለመናገር ምክንያት ይሆነዋል።

በመጨረሻም ከባሕር ማዶ ገንዘብ ለሚላክልን። የተላከልን ሲያንስ «ምነው ቀነሰ?» ከማለታችን በፊት «ሥራሽ እንዴት ነው? ሥራህ እንዴት ነው?» ብለን እንጠይቅ። የእኅታችን እናት በዚያ ዓመት በትንሣኤ ሰሞን ሲደውሉላት የጠየቋት ይህንኑ ነበር። ልጃቸውም ሁሉን ነገረቻቸው። እርሳቸውም «አይዞሽ ልጄ፤ ያለን ይበቃናል» ብለው መረቋት። ያን ጊዜ በምርቃቱ እንዳልደነገጠች ነግራናለች።